ያልገቡት የጳጉሜ መስመሮች

(ደብረ ብርሃን፣ በአንድ የሕንፃ ዲዛይን ድርጅት ንብረት ክፍል፤ ሰኔ አጋማሽ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ያዧ ወይዘሮ ጥሩወርቅና የኮምፒውተር ባለሙያው ይድነቃቸው ይነታረካሉ።)

ይድነቃቸው፦ አሥር ደቂቃ ነው የምልዎት፣ እትዬ። መዝገቡን ብቻ ይስጡኝ፤ ያቺን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እመልስልዎታለሁ።

ጥሩወርቅ፦ መዝገቡ ተዘግቷል አልኩህ እኮ። በግንቦት አንተው ራስህ ነህ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ደብተር አርፏል፣ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል" ብለህ ያጨበጨብክልኝ።

ይድነቃቸው፦ ብዬ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ያረፈውን ምን ብለህ ትቀሰቅሰዋለህ?

ይድነቃቸው፦ ሁሉም አልገባማ። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርዎት የምፈልገው እሱን ነው። አርባ አንድ መስመር አልገባም።

ጥሩወርቅ፦ አልገባም ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ እያነበብኩ አንተ ስትጽፍ አልነበር እንዴ? ዓይኔ እስኪፈዝ። ማን የቱን ፕሮግራም ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ መቼ መለሰ፤ አንዷን እንኳ አልዘለልኩብህም።

ይድነቃቸው፦ እርስዎ አልዘለሉም። እኔም ጽፌያለሁ። ሲስተሙ ነው ያልተቀበለው። እርስዎ ያነበቡልኝ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ሲስተሙ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ወደነሱ የሚቀይር ነገር ሠራሁለት። መስከረምን ቀየርኩ፣ ጥቅምትን ቀየርኩ፣ እንዲህ እያልኩ ነሐሴ ደረስኩ።

ጥሩወርቅ፦ ከዚያስ?

ይድነቃቸው፦ ከዚያማ አቆምኩ። አሥራ ሁለት ወር ሞላልኝ።

ጥሩወርቅ፦ ጳጉሜስ?

ይድነቃቸው፦ ረሳኋት።

ጥሩወርቅ፦ ጳጉሜን ረሳኋት ነው የምትለኝ? እዚሁ አገር ተወልደህ፣ በጳጉሜ ዝናብ ራቁትህን እየተጠመቅክ አድገህ?

ይድነቃቸው፦ ይበሉኝ፣ ይገባኛል። የጳጉሜ ቀን ያለበትን መስመር ሁሉ ሲስተሙ "ይህ ወር የለም" እያለ ለብቻው ፋይል ውስጥ ወረወረው። ሥራው ሲያልቅ "ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገብቷል" የሚል በአረንጓዴ መጣልኝ። ከሥሩ በቀይ "አርባ አንድ አልገባም" ይላል። አይቼዋለሁ፣ እትዬ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ነገ እከፍተዋለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ሥራ መጣ።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ዛሬ ማን አስታወሰህ?

ይድነቃቸው፦ መሐንዲሱ ሳህሉ።

ጥሩወርቅ፦ ሳህሉ ግቢ እንዳይገባ ታግዶ የለም እንዴ?

ይድነቃቸው፦ አልገባም። ጠዋት ውጭ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "የፕሮግራሙን ቁልፍ በጳጉሜ መልሻለሁ፣ ፈርሜያለሁ" አለኝ። ገባሁና ያንን ፋይል ከፈትኩት። አለች። ጳጉሜ አራት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፤ የስዕል ፕሮግራም ላይሰንስ፣ ቁልፍ ቁጥር ሰባት፤ መላሽ ሳህሉ፣ ተረካቢ ጥሩወርቅ። ሰውዬው መልሷል እኮ፣ እትዬ።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲህ ከመለሰ፣ መለሰ።

ይድነቃቸው፦ እንዴት እንዲህ ቀለል አድርገው ይሉታል? የጳጉሜ ቆጠራን ያወጡት እርስዎ ነዎት ይባላል።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ "ነገ አመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ አመጣለሁ" እያሉ ሲያመላልሱኝ፣ አምስቱን የጳጉሜ ቀን ስዕል አይሳልም ብዬ አስወሰንኩ። ሁሉም ፍላሽ የምታክለውን ቁልፉን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ እዚህ በር ላይ ይሰለፋል፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይፈርማል። ያለ ቁልፉ ፕሮግራሙ አይከፈትለትም፤ ስለዚህ የትም አይሄድብኝም። መስከረም ላይ ለሚያስፈልገው መልሼ እሰጣለሁ።

ይድነቃቸው፦ ስህተቴ ያልታወቀው በዚህ ነዋ። ሁሉም መስከረም ላይ መልሰው ስለወሰዱ፣ የጳጉሜው መመለስ ቢጠፋ ማንም ልብ አላለውም። ሳህሉ ግን ለአዲስ ዓመት ወደ ግንባታ ቁጥጥር ተዛወረ፤ አልወሰደም። ስለዚህ ሲስተሙ መውሰዱን እንጂ መመለሱን አያውቅም። "ቁልፍ ቁጥር ሰባት እስካሁን ሳህሉ እጅ ናት" ይላል። አምጣ አሉት፣ ከየት ያምጣ? ሰውዬው ሌባ የሆነው በኔ ምክንያት ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሌባ ያለው የለም።

ይድነቃቸው፦ ደብዳቤው "የድርጅቱን ንብረት በመሰወር" ነው የሚለው። ስንብቱ ተጽፎ አልቆ ማህተም ብቻ ነው የቀረው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ስምንት ተኩል ላይ ይሰበሰባል። እርስዎ መዝገቡን ያወጣሉ፣ እኔ ፊርማውን አሳያለሁ። ካዝናውን ይከፍታሉ፣ ቁልፏን ያሳያሉ። በቃ፣ አለቀ።

ጥሩወርቅ፦ የካዝናው ቁልፍ ቤት ቀርቷል።

ይድነቃቸው፦ አንገትዎ ላይ ያለውስ?

ጥሩወርቅ፦ ይሄ የቁም ሳጥኔ ነው።

ይድነቃቸው፦ ሦስት ሳምንት አብረን ስንቀመጥ በየጠዋቱ ካዝናውን በሱ ሲከፍቱ አይቻለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ዓይንህ ዛሬ ደህና ያያል። ለዚያ ለቀዩ ጽሑፍ ነበር እንዲህ ማየት።

ይድነቃቸው፦ እውነትዎን ነው።

ጥሩወርቅ፦ ቁጭ በል እስቲ፤ እንደ ዘበኛ አትቁምብኝ። ምሳ በላህ?

ይድነቃቸው፦ አልበላሁም።

ጥሩወርቅ፦ ፊትህ እኮ ይናገራል። ድንች በቃሪያ ይዤ ነበር፤ ግማሹ አለ። ና ቅመስ።

ይድነቃቸው፦ አይወርድልኝም፣ እትዬ።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲያው ስማኝ። የሙከራ ጊዜህ ስንት ቀረው?

ይድነቃቸው፦ ሃያ ቀን።

ጥሩወርቅ፦ ሃያ ቀን። ሲስተሙ የተመረቀ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? ትከሻህን አቅፎ፣ "ይሄ ልጅ ባለበት ከእንግዲህ አንዲት ንብረት አትጠፋብንም" አለ። ዛሬ ገብተህ "ጳጉሜን ረስቻት ነው" ልትለው ነው? ከዚያው ከስብሰባው ነው የሚያሰናብትህ።

ይድነቃቸው፦ አውቃለሁ።

ጥሩወርቅ፦ እናትህስ? "ልጄ ቋሚ ሆነ" ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች አላልከኝም?

ይድነቃቸው፦ አውርታለች። ገና ነው ብላት አትሰማኝም። ምን ላድርግ?

ጥሩወርቅ፦ ምንም አታድርግ። እሱን ነው የምልህ። ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ሰኔ ሠላሳ እኔ ጡረታዬን ይዤ እወጣለሁ፤ አንተም ትንሽ ቆይተህ ቋሚ ትሆናለህ። ከዚያ ቀስ ብለህ "መረጃ ሳጣራ አገኘሁት" ብለህ ታስገባዋለህ። ያን ጊዜ ስህተት አይባልም፤ ሥራ ነው የሚባለው።

ይድነቃቸው፦ ሳህሉስ?

ጥሩወርቅ፦ ሳህሉ መሐንዲስ ነው። የትም ይቀጠራል።

ይድነቃቸው፦ በዚያ ደብዳቤ? ሥራ የሚጠይቅበት ቦታ ሁሉ እዚህ እየደወለ ይጠይቃል። "ምን ሆኖ ወጣ?" ሲሉ ምን ሊባል ነው?

ጥሩወርቅ፦ ይግባኝ ይላል።

ይድነቃቸው፦ ይሄ የርስዎ ንግግር አይደለም። እዚህ ስቀጠር ስለርስዎ መጀመሪያ የነገሩኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ዘበኛው ጋሽ ወርቅነህ በአንድ በጠፋ ወንበር ሲከሰሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው ጠረጴዛ መቱ አሉኝ። "ሰውዬው አልነካውም፣ መዝገቤ ያውቃል" አሉ አሉኝ። ሰው እስካሁን ያወራዋል።

ጥሩወርቅ፦ ያኔ ያኔ ነው።

ይድነቃቸው፦ ለኔ አዝነው ከሆነ አይዘኑልኝ። ጠዋት ያንን ፋይል ከፍቼ መስመሯን ሳያት ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት? መልሼ ዘጋሁት። ማንም አላየኝም። ደምስሰው አለኝ ልቤ፤ ማጥፊያው ላይ እጄን አስቀምጬ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ከዚያ መንገድ በስንት መከራ ነው የተመለስኩት፤ እርስዎ ደግሞ መልሰው እዚያው ሊወስዱኝ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ይደምሰስ አላልኩም። ይቆይ ነው ያልኩት።

ይድነቃቸው፦ ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት እርስዎን ጠርቶ ነበር አሉ።

ጥሩወርቅ፦ ጠርቶኛል።

ይድነቃቸው፦ ምን አሏቸው?

ጥሩወርቅ፦ አሁን የሚሠራበት ኮምፒውተሩ ነው፣ እሱን ጠይቁ አልኳቸው። ውሸት ነው?

ይድነቃቸው፦ ውሸት አይደለም። ግን ኮምፒውተሩን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያመኑት? በግንቦት "ይሄ ቆርቆሮ የኔን ደብተር ሊያህል" ሲሉኝ አልነበር? ሻይ ልጠጣ ስወጣ እንኳ "ቆርቆሮህን ማን ይጠብቅልህ" ነበር የሚሉኝ።

ጥሩወርቅ፦ ተላመድኩት።

ይድነቃቸው፦ በአንድ ወር?

ጥሩወርቅ፦ ሰው በአንድ ወር ስንት ነገር ይላመዳል።

ይድነቃቸው፦ እርስዎ ማን ምን እንደወሰደ ከነቀኑ በቃልዎ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ሳህሉ መመለሱን እኔ ስነግርዎት አልደነገጡም። አላስታውስም እንኳ አላሉም። እትዬ፣ ካዝናውን ይክፈቱልኝ።

ጥሩወርቅ፦ ቤት ቀርቷል አልኩህ።

ይድነቃቸው፦ ቁልፍ ቁጥር ሰባት ካዝናው ውስጥ የለችም። አይደል?

ጥሩወርቅ፦ ድምፅህን ቀንስ። በሩን ዝጋው።

ይድነቃቸው፦ ይኸው ዘጋሁት።

ጥሩወርቅ፦ የለችም።

ይድነቃቸው፦ የት ናት?

ጥሩወርቅ፦ አዳማ።

ይድነቃቸው፦ አዳማ ማን ጋ?

ጥሩወርቅ፦ ምንታምር ጋ። ልጄ ጋ።

ይድነቃቸው፦ እኔ እኮ ጠፍታብዎት መስሎኝ ነበር። ጠፍታብዎት ፈርተው።

ጥሩወርቅ፦ ከኔ እጅ ምን ጠፍቶ ያውቃል? በገዛ እጄ ነው ያወጣኋት። አባቷ ሲሞት ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። በየቢሮው ስትዞር የጫማዋ ሶል አለቀ። በኋላ አዳማ አንድ ሰው አገኘች፤ "የቤት ፕላን እየሳልሽ ታመጪልኛለሽ፣ ግን የራሱ ቁልፍ ያለው ፕሮግራም ይኑርሽ፣ በተሰረቀ ፕሮግራም የተሠራ አልቀበልም" አላት። ደውላ አለቀሰችብኝ። ጳጉሜ አራት ነው። ሳህሉ ቁጥር ሰባትን አስረክቦኝ፣ ፈርሞ ገና መውጣቱ ነው። ቁልፏ እጄ ላይ ነበረች። ምን ልበልህ፣ እጄ ላይ ነበረች።

ይድነቃቸው፦ በተሰረቀ ፕሮግራም እንዳትሠራ ብለው ሰረቁላት። ይቅርታ፣ እትዬ። አፌ ቀደመኝ።

ጥሩወርቅ፦ ምን ይቅርታ አለው። እኔም ለራሴ ስንቴ ብየዋለሁ። ብቻ ከሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። እስከ መስከረም ብዬ ነበር እኮ። ሳህሉ ተዛውሯል፣ ቁጥር ሰባትን የሚፈልጋት የለም፣ ለጥቂት ቀን ነው ብዬ። መስከረም አለቀ። ጥቅምት ላይ ደወልኩላት። "እማዬ፣ ይቺን ሥራ ልጨርስ" አለችኝ። ያ ሥራ ሲያልቅ ሌላ ሥራ። አፌን ሞልቼ አምጪ ማለት አቃተኝ። ከተመረቀች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት በዚህ ዓመት ነው፣ ይድኔ። በስልክ ስትስቅልኝ እንዴት ብዬ ነው አምጪ የምላት?

ይድነቃቸው፦ ከየት እንደመጣች ታውቃለች?

ጥሩወርቅ፦ ትርፍ አላቸው፣ ፈቅደውልኝ ነው ብያታለሁ።

ይድነቃቸው፦ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በግንቦት ያቺን መስመር ለምን አነበቡልኝ? ሳህሉ መለሰ፣ ጥሩወርቅ ተረከበች ብለው ራስዎ ነዎት ያነበቡልኝ። ቢዘሏት እኔ በምን አውቃለሁ?

ጥሩወርቅ፦ መዝገብ አልዘልማ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልዘል ኖሬ በምን አንደበቴ እዘላለሁ? አንብቤልህ ማታ ቤቴ ገባሁ። ነገ ይሄ ቆርቆሮ "ቁጥር ሰባት ጥሩወርቅ ጋ ናት" ሊል ነው እያልኩ ስጠብቅ፣ ሳህሉ ጋ ናት አለ። መጀመሪያ አላመንኩም። በኋላ እግዜር የሸፈነኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው የምልህ፤ ሄጄ ሻማ ሁሉ አበራሁ።

ይድነቃቸው፦ እግዜር አይደለም፣ እትዬ። እኔ ነኝ።

ጥሩወርቅ፦ አሁንማ አወቅኩ።

ይድነቃቸው፦ ስልክዎ እየጠራ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እሷ ናት። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትደውላለች፤ ምሳ በልተሻል ወይ ልትለኝ። አላነሳትም። ድምፄን ሰምታ ታውቅብኛለች።

ይድነቃቸው፦ ቆመ።

ጥሩወርቅ፦ ሰኔ ሠላሳ ጋቢ ሊያለብሱኝ ነው። ሥራ አስኪያጁ ንግግር እያዘጋጀ ነው አሉ። "በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት እስክሪብቶ ያልጎደለባት" ሊለኝ ነው። እሷም ልትመጣ ነው፣ ቀሚስ ሁሉ አሰፍታለች። እዚያ መሐል፣ ልጄ ፊት፣ ሌባ ናት ልባል? ልሙት ብል ይቀለኛል።

ይድነቃቸው፦ እንዲህ አይበሉ።

ጥሩወርቅ፦ ይድኔ፣ ስማኝ። አርባውን አስገባ። አንዷን ተዋት። ስህተቴን እናገራለሁ ካልክ ተናገር፣ አልከለክልህም፤ አርባ ነበር በላቸው። መዝገቡን እንደሆነ እኔ ስወጣ አይጥ በላው ይባላል። ንብረት ክፍል ውስጥ አይጥ ማግኘት አይቸግርም።

ይድነቃቸው፦ አርባ።

ጥሩወርቅ፦ አርባ ይሁን አርባ አንድ፣ ማን ይቆጥረዋል?

ይድነቃቸው፦ እርስዎ ይቆጥሩታል። አንዲት የወረቀት ማያያዣ ጎደለች ብለው ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው፣ እኔንም ሥራ አስፈትተው አላስቆጠሩኝም?

ጥሩወርቅ፦ አሁን አታስቀኝ። አሁን መሳቅ አልችልም።

ይድነቃቸው፦ እኔም አልቻልኩም። አርባውን ባስገባ እኮ ለኔም ይቀለኛል። አርባዎቹ ማንንም አልጎዱም፤ ተገሥጬ፣ በደመወዜ ተቀጥቼ ልታለፍ እችላለሁ። የምታስባርረኝ ያቺው አንዷ ናት። እርስዎ ሲሉኝ እኔ ያላሰብኩት እንዳይመስልዎት።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ምን ያዘህ?

ይድነቃቸው፦ እኔ እንጃ። ሳህሉ በር ላይ ሲያየኝ ኮፍያውን አውልቆ ነው ሰላም ያለኝ። እኔን፣ ጉዱን ያመጣሁበትን። ቁልፏን ለምንታምር በምን ላኩላት? በመኪና ሰጥተው ነው?

ጥሩወርቅ፦ ምን ያደርግልሃል?

ይድነቃቸው፦ እንዲሁ ልወቀው።

ጥሩወርቅ፦ በሳህሉ።

ይድነቃቸው፦ በሳህሉ?

ጥሩወርቅ፦ በማግስቱ ግንባታ ሊያይ ወደ አዳማ ይሄድ ነበር። "ለልጄ ትንሽ ዕቃ አድርስልኝ" ብዬ በፖስታ አሽጌ ሰጠሁት። ምን እንደያዘ አያውቅም።

ይድነቃቸው፦ በምን ዓይነት ፖስታ?

ጥሩወርቅ፦ በዚህ በቢሮው ፖስታ ነዋ። ምን ሆነሃል?

ይድነቃቸው፦ እትዬ፣ ጠዋት ሳህሉ ያለኝን ሁሉ አልነገርኩዎትም። አንድ ነገር ዘልያለሁ። ልደብቅዎት ብዬ አይደለም፤ ስላልገባኝ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ምን አለህ?

ይድነቃቸው፦ "መስመሯን ካገኘሃት ለኮሚቴው እንዳታሳይ። መጀመሪያ ለእትዬ አሳያቸው። እሳቸው ይሁን ካላሉ ተዋት፣ እኔ እችለዋለሁ" አለኝ። ጤነኛም አልመሰለኝ። "ምኑን ነው የምትችለው? ልትባረር እኮ ነው" አልኩት። "ተው ካሉህ ተወው፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው" ብሎኝ ሄደ። እኔማ ለጡረታዎ ሲል ሥራ አላብዛባቸው ያለ መስሎኝ ነበር። ግን ያቺን ቁልፍ ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲሰካት ማታ ሲነቅላት የኖረ ሰው ነው። በስስ ፖስታ ውስጥ ቢይዛት ጣቱ አያውቃትም?

ጥሩወርቅ፦ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ነው የጠራው።

ይድነቃቸው፦ ሦስት ጊዜ።

ጥሩወርቅ፦ በሁለተኛው እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ። "መልሻለሁ ካልክ መዝገቡ ይምጣልህ?" አሉት። "አያስፈልግም" አለ። አንገቱን ደፍቶ። ቀና ብሎ አንዴ እንኳ አላየኝም። እኔ ደግሞ በልቤ "ኩራት ነው፣ ይበለው" አልኩ። እንዲያውም "ይሄ ልጅ ሌላ ያጠፋው ነገር ሳይኖር አይቀርም" ብዬ ጥፋት ፈለግኩለት። ንጹሕ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሜ የማውቀው እኔ ሆኜ፣ ቁጭ ብዬ ጥፋት ስፈልግለት ነበር።

ይድነቃቸው፦ ውሃ ላምጣልዎት?

ጥሩወርቅ፦ ተወኝ። ስንት ሰዓት ሆነ?

ይድነቃቸው፦ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ጥሩወርቅ፦ እንካ ይሄን የአንገቴን ቁልፍ። መዝገቡ ካዝናው ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አንተ አውጣው።

ይድነቃቸው፦ እርግጠኛ ነዎት?

ጥሩወርቅ፦ አትጠይቀኝ። ከጠየቅከኝ እመለሳለሁ።

ይድነቃቸው፦ ይኸው አወጣሁት። ፊርማውም አለ፤ ከነቀኑ።

ጥሩወርቅ፦ ኮምፒውተርህንም ክፈተው። እኔ እያየሁ አስገባው። ጳጉሜ አራትን ምን ብለህ ነው የምትቀይራት?

ይድነቃቸው፦ በነሱ ሴፕቴምበር ዘጠኝ ነው። አሁን ሠራሁላት። ይኸው፣ አርባ አንዱም አረንጓዴ ሆነ። ቁጥር ሰባት ከሳህሉ እጅ ወጣች።

ጥሩወርቅ፦ ማን ጋ ናት ይላል?

ይድነቃቸው፦ ተረካቢ ጥሩወርቅ፣ በካዝና ይላል። እትዬ፣ ለዛሬ ይሄው ይበቃል እኮ። ሳህሉ ነጻ ነው። እኔም ስህተቴን ገብቼ እናገራለሁ። ከጎኑ ማስታወሻ የሚጻፍበት "ምርመራ" የሚል ቦታ አለ፤ ግን ግዴታ አይደለም፣ ባዶ ቢሆንም ይቀበላል። ማታ ለምንታምር ደውለው ቁልፏን ቢያስመጡ፣ ማን ምን ይላል? ባዶውን ልተወው?

ጥሩወርቅ፦ ባዶ አትተወው። "ተረካቢዋ ቁልፏን ከካዝና አውጥታ ለልጇ ሰጥታለች" ብለህ ጻፍበት።